የአጎቴ እርሾና ያልተማሰለው ማር

ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ወደ እንጅባራ በተመለስኩበት ሰሞን ዘመዶቼ ሁሉ «ምን ተምረህ መጣህ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። እኔም ለሁሉም በእኩል ክብር፣ ቃል ሳልቀንስ አንድ መልስ እሰጥ ነበር። «የንጥረ ነገሮች መጠን ከቦታ ቦታ በድንገት ሲለዋወጥ በክሪስታል ፅንስ አፈጣጠር ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ አጥንቻለሁ» እላለሁ። ጠያቂው የሕመሜን ስም የነገርኩት ይመስል «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብሎኝ ይሄዳል።

ነገሩን ጠልቀው ሊረዱ የሞከሩት የእናቴ ታላቅ ወንድም ብቻ ናቸው። አጎቴ የሚኖሩት ጥርባ ሐይቅ አካባቢ፣ ከጫካው ጥግ ነው፤ ያርሳሉ፤ ንብም ያነባሉ። ያን ጊዜ እኔ በከተማው ፊዚክስ ማስተማር ጀምሬ ነበርና ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ።

«እስቲ በሰው አማርኛ ንገረኝ» አሉኝ አንድ ቅዳሜ።

«ፈሳሽ ነገር እንዴት መርጋት እንደሚጀምር ነው፣ ጋሼ።»

«ቅቤ እንደሚረጋው?»

«በግምት።»

«ማር እንደሚረጋው?»

«ማርማ እጅግ ተስማሚ ምሳሌ ነው።»

አጎቴ አገጫቸውን ይዘው አዩኝ። «እና ሁለት ዓመት ሙሉ መርጋት ነው የተማርከው? እዚህ ብትቀመጥ ኖሮ እኔ በሁለት ጠዋት እጨርስልህ ነበር!»

ይህን አባባላቸውን ያልተማረ ሰው የዋህነት አድርጌ ወሰድኩት። ስህተቱ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ጥናቴ በአጭሩ ይህን ይላል። ክሪስታል ሲወለድ መጀመሪያ ጥቂት ቅንጣቶች ይሰባሰባሉ። ስብስቡ ከተወሰነ መጠን ካነሰ ተበትኖ ይቀራል፤ ያንን መጠን ካለፈ ግን ማንም ሳያግዘው ያድጋል። በዙሪያው ያለው ድብልቅ በጣም ባጠረ ርቀት ውስጥ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ፅንሱ የሚስማማውን ጎረቤት በበቂ ቁጥር አያገኝም፤ ስለዚህ ሳይወለድ ይቀራል። እኔ ይህን ያጠናሁት እርስ በርስ በተነባበሩ እጅግ ስስ የብረታ ብረት ንጣፎች ላይ ነው። ማር ላይ አልነበረም። ይህች ልዩነት ኋላ ዋጋ ታስከፍለናለች።

አጎቴ ማር የሚያዘጋጁበት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በደጃቸው ካሉት የቀርከሃ ቀፎዎች የሚቆርጡት ማር ነጣ ያለና ወፍራም ነው፤ ቶሎ ይረጋል። ከጫካው ቀፎ የሚገኘው ደግሞ ጠቆር ያለ፣ ቀጠን ያለ ነው፤ ለመርጋት ይለግማል። ሁለቱን በአንድ ዕቃ ይገለብጡና ካለፈው ዓመት የረጋ ማር አንድ ማንኪያ ይጨምሩበታል። ያንን ማንኪያ «እርሾው» ይሉታል። ከዚያ ላብ እስኪያጠምቃቸው በእንጨት ዘንግ ያማስላሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ማሩ ከላይ እስከ ታች ወጥ ሆኖ ይረጋል፤ ምላስ ላይ እንደ ቅቤ ይቀልጣል፤ አንዲት ሻካራ ፍሬ አይገኝበትም።

ይህን ማር ለብዙ ዓመት ሲገዙ የኖሩት ዳንግላ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ናቸው። በሁለቱ መካከል ወረቀት የለም፤ ምስክር የለም። ሐጂው ባዶ ዕቃ በሚኒባስ ይልካሉ፤ አጎቴ ሞልተው ይመልሳሉ። ሐጂው ቀምሰውና መዝነው ተቀብለው አያውቁም። ለደንበኞቻቸው «ከእሳቸው ቤት ነው» ካሉ ነገሩ አለቀ።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ሐጂው የላኩት እንደ ወትሮው ባልዲ አልነበረም። አፈ ሰፊ የሆነ ትልቅ የመስታወት ዕቃ ነበር። ገዢው አሁን አሁን የሚገዛውን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል አሉ። ደግሞ ከቻሉ ቶሎ የማይረጋ ቢሆን እንደሚመርጡ በስልክ ነገሯቸው። አጎቴ ይህን ሲያወሩኝ ልቤ በደስታ መታ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥናቴን የሚፈልግ ሰው ተገኘ!

«ጋሼ፣ ዘንድሮ አያማስሉት» አልኳቸው።

«ምን?»

«እርሾም አይጨምሩ። ወፍራሙን ከታች እናድርግ፤ ቀጭኑን በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እያደረግን ከላይ እናፍስስ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ክሪስታሉ እንዳይወለድ ያግደዋል። ማሩ እስከ ፋሲካ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል።»

«ያልተማሰለ ማር ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም።»

«ማማሰል እኮ ልዩነቱን ያጠፋዋል፤ ልዩነቱ ነው ጠባቂው።»

አጎቴ ዘንጋቸውን ግድግዳ አስደግፈው ብዙ አሰቡ። ለትምህርት ያላቸው አክብሮት ለዘንጉ ካላቸው እምነት ጋር ሲታገል በፊታቸው ላይ ይታየኝ ነበር። በመጨረሻ «አንተ ካልክ» አሉ። አፈሰስኩት። ድንበሩ ቀጥ ብሎ ታየ፤ ከታች ነጣ ያለው፣ ከላይ ጠቆር ያለው። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

በአራተኛው ሳምንት ሐጂው ሳይደውሉ መጡ። ዕቃውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከዳንግላ እንጅባራ በሚኒባስ፣ ከእንጅባራ እስከ መንደሩ አፍ በባጃጅ አምጥተውታል። ነጠላውን ሲገልጡት የታችኛው ማር እንደ ድፍን ጨው ነጭና ሻካራ ሆኖ ረግቷል። የላይኛው ጠቁሮ እንደ ዘይት ይዋልላል። ድንበሩ አሁንም ቀጥ እንዳለ ነው። ይህን ብቻ በማየቴ ለአንድ አፍታ ተደስቼ እንደነበር አልደብቅም።

«ማሩን መልሼ አመጣሁት» አሉ ሐጂው መሬት መሬት እያዩ። «አንድ ደንበኛ አይቶት "ከሥሩ ስኳር ነው፤ ከላይ ማር አለበሱት" አለኝ። እኔ ምንም አላልኩም።»

«እርስዎስ ምን አሰቡ?» አሉ አጎቴ።

«እኔማ ምን አስባለሁ? አመጣሁት እንጂ።»

ቢሰድቧቸው ይሻል ነበር። አጎቴ በአካባቢው ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ባለፈው ዓመት ማር ውስጥ ስኳር የቀላቀለ ሰው ተይዞ ሲመጣ ማሩን በገበያ መሃል በገዛ እጁ እንዲደፋ የፈረዱት እሳቸው ነበሩ። አሁን ያ ፍርድ ወደ ደጃቸው መጥቶ ቆመ። በዚያው ቀን ለሽማግሌዎቹ መልእክት ላኩ፤ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ከመካከላቸው እንደማይቀመጡ፣ ስኳር ከተገኘባቸውም ማራቸውን እንደዚያ ሰው ገበያ ላይ እንደሚደፉ አስታወቁ። ከዚያ ዘንጉን አነሡና አቧራውን ጠረጉት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በአጎቴ ግቢ ተቀመጡ። ሐጂውም መጡ። ነገሩን የሚመሩት ሰማንያን የተሻገሩ አዛውንት ናቸው፤ አገሩ ሁሉ «አባባ» ይላቸዋል። እኔ ተነሥቼ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ተናዘዝኩ። እዚያ ላይ ብቀመጥ ኖሮ መልካም ነበር። ነገር ግን ምክንያቱን ሳያስረዱ መናዘዝ ጎዶሎ መስሎ ታየኝና ስለ ክሪስታል ፅንስ ማስረዳት ጀመርኩ። መሬት ላይ በእንጨት ሥዕል ሣልኩ። ማር የራሱ የሆነ ስኳር በውስጡ እንዳለው፣ ውኃው ሊሸከም ከሚችለው በላይ እንደሆነና ትርፉ በጊዜ ብዛት እንደሚረጋ ገለጽኩ።

«ቆይ» አሉ አባባ። «ማሩ ውስጥ ስኳር አለ ነው የምትለው?»

«አለ፤ ግን…»

«ልጁ አመነ!» አሉ ከወደ ጥግ አንድ ሽማግሌ።

«የራሱ ስኳር ነው! ንቧ ያመጣችው!»

«ንቧ ከሱቅ ገዛች?»

ሳቅ ሆነ። አጎቴ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሽማግሌዎቹ ለመመካከር ወደ አዊኛ ዞሩ። እኔ ከተማ ያደግሁ በመሆኔ የሚሉት ግማሹ ብቻ ነው የሚገባኝ። በየመሃሉ «ክሪስታል» የሚለውን ቃሌን እንዳለ ሲጠሩት እሰማለሁ፤ ከዚያ ይስቃሉ።

ውሳኔው ግን ጥሩ ነበር። አጎቴ ሳይቆርጧቸው የቀሩ ሁለት ቀፎዎች ነበሩ፤ አንዱ የደጅ፣ አንዱ የጫካ። ማሩ በሽማግሌዎቹ ፊት ተቆርጦ በሁለት የመስታወት ዕቃ ይሞላ፤ አንዱ በአጎቴ ሥርዓት፣ ሌላው በእኔ። ሦስት ሳምንት አባባ ቤት ይቀመጥ። ማንም ስኳር ሳይጨምር ማሩ እንደዚያኛው ከታች ከረጋ አጎቴ ነጻ ናቸው።

እዚህ ላይ አሁንም ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰፍር ጠየቅሁ፤ ራሴም ጻፍኩት። በአንደኛው አንቀጽ እርሾ ገብቶበት የተማሰለው ማር ከላይ እስከ ታች እንደሚረጋ አሰፈርኩ። በሁለተኛው፣ ያልተማሰለው ከታች ብቻ እንደሚረጋ፣ ከላይ ግን ፈሳሽ ሆኖ እንደሚቆይ። ሦስተኛው አንቀጽ ከዚህ አንዱ እንኳ ቢጎድል የአጎቴ ወገን እንደተረታ ይቆጠራል የሚል ነበር። አባባ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙበት።

ሰዎቹ ሲበተኑ አጎቴ ክንዴን ያዙ። «ሦስተኛውን ማን ጨምር አለህ?»

«የሳይንስ ሕግ ነው፣ ጋሼ። አንድ ሐሳብ ምን ቢታይ እንደሚፈርስ አስቀድሞ መናገር አለበት።»

«የሚፈርሰው ሐሳብህ ከሆነ መልካም። ቤቴ እንዳይሆን ብቻ።»

ሦስቱ ሳምንታት ረጅም ነበሩ። ወሬው ከጥርባ አልፎ ከተማ ገባ። በባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ «መምህር፣ ማሩ እንዴት አደረ?» ይለኛል። ተማሪዎቼ ረግቷል እና አልረጋም በሚል በሁለት ጎራ ተከፈሉ። ፊዚክስ እንደዚያ የተወደደበት ጊዜ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ስለ ርዝመት መለኪያዎች እያስተማርኩ ሳለሁ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። በጥናቴ ውስጥ ያለው ድንበር ከፀጉር ውፍረት በሺህ እጥፍ የሚቀጥን ነው። በአጎቴ ዕቃ ውስጥ ያለው ድንበር የጣት ያህል ይወፍራል። የክሪስታል ፅንስ እጅግ ጥቃቅን ስለሆነ የጣት ውፍረት ያለው ድንበር ለእሱ ማዶው የማይታይ ሜዳ ነው፤ እዚያ ላይ ሲወለድ የሚያግደው አንዳች ነገር የለም። ጥናቴ ማሩን አይመለከተውም ነበር! የላይኛው ፈሳሽ ሆኖ የቆየው ውኃው በዝቶ ለመርጋት ስለዘገየ ነው፤ ይህን ደግሞ አጎቴ «ይለግማል» በሚል አንድ ቃል ነግረውኝ ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ ሊፈጸም ቢችል እንኳ እኔ ባልኩት ምክንያት አይደለም። ሊፈጸም ባይችልስ? ያን ቀን ክፍሉን አምስት ደቂቃ ቀድሜ ለቀቅሁ።

ቀኑ ደረሰ። አባባ ሁለቱን ዕቃዎች በገዛ እጃቸው አውጥተው ወንበር ላይ አስቀመጡና ጨርቁን ገለጡ። የአጎቴ ዕቃ እንደ ቅቤ ነጭ ነው። የእኔም ዕቃ ነጭ ነው፤ ከታች እስከ ላይ። ፈሳሽ የሚባል ነገር የለበትም።

ሐጂው መነጽራቸውን አወጡ። አባባ ወረቀቱን ለአንድ ሽማግሌ ሰጥተው አስነበቡ። ሦስተኛው አንቀጽ ሲነበብ የእኔን አጻጻፍ ውበት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላሁት።

«ጽሑፉ እንግዲህ ይህን ይላል» አሉ አባባ በሐዘን። «ከላይ ፈሳሽ ይሆናል ይላል። አልሆነም።»

ወደ ዕቃው ጎንበስ አልኩ። በረጋው ማር አናት ላይ፣ በመሃል በመሃሉ፣ የማንኪያ አፍ የሚያህሉ ትንንሽ ጎድጓዶች ነበሩ። የአጎቴም ዕቃ ላይ እንደዚያው። ገባኝ። ዕቃዎቹ የቆዩት በአንድ ሰው ቤት ነው፤ የሰውየውን ጣፋጭ ወዳድነት ደግሞ አገር ያውቀዋል። አፌን ከፈትኩ። «ይህ ናሙና በውጭ አካል…» ከማለቴ አጎቴ እግሬን ረገጡኝ፤ በሙሉ ክብደታቸው።

ከዚያ ተነሥተው ወደ ዕቃው ቀረቡ። በቢላዋ ጫፍ ከሥር ጥቂት ቆነጠሩና በጣታቸው መካከል አሹት፤ ከላይም ቆነጠሩና አሹት። ሁለቱንም ወደ ሐጂው ዘረጉ።

«ይንኩት። የታችኛው ምን ይላል?»

«ይሻክራል» አሉ ሐጂው።

«የላይኛውስ?»

«ይህ ለስላሳ ነው። ይህ… ይህ እኮ የድሮው ማርዎ ነው!»

«ብቻውን የረጋ ማር ይሻክራል። እንዲህ የሚለሰልሰው የእኔ እርሾ ሲነካው ነው። እዚህ ግን እኔ እርሾ አልጨመርኩም።» ወደ አባባ ዞሩና እጅግ በትሕትና፣ ስለ ጤናቸው የሚጠይቁ ይመስል «አባቴ፣ መጀመሪያ የቀመሱት ከየትኛው ነበር?» አሏቸው።

አባባ ከዘራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ። ሰማዩን አዩ። ሐጂውን አዩ።

«ከዚያኛው» አሉ ወደ አጎቴ ዕቃ እያመለከቱ። «ከዚያ ከዚህኛው። በየጠዋቱ። አንዱን ብቻ ቀምሼ ሌላውን ብተው አድሎ ይሆናል ብዬ ነው።»

«በአንድ ማንኪያ?»

«ስንት ማንኪያ ይኑረኝ!»

መጀመሪያ የሳቁት ሐጂው ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እስኪጠርጉ። ከዚያ ግቢው ሁሉ ተከተለ። በየጠዋቱ የአባባ ማንኪያ ከአጎቴ ማር የቅንጣት ያህል እርሾ እየያዘ ወደ እኔ ዕቃ ሲያሻግር ከርሟል፤ ለጋሚው ማርም ለግሞ መቆየት አልቻለም።

«ጽሑፉ ግን ማንኪያ አይልም» አሉ ያ የጥጉ ሽማግሌ።

«ጽሑፉን ተዉት» አሉ ሐጂው። «ከቀፎ ሲቆረጥ አይተናል። ስኳር ሲገባ ያየ አለ?» ወደ እኔ ዕቃ አመለከቱ። «ይኸው ከታች ሻክሮ ረግቷል፤ ያ ደንበኛዬ ያየው ይህንኑ ነው። እኔ እርስዎን ጠርጥሬ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጥቼ ነው።»

«አሁንስ ምን ሊመልሱ ነው?» አሉ አጎቴ።

«አሁንማ የአባባን ማንኪያ እነግራቸዋለሁ።»

«እሱን ተወው!» አሉ አባባ።

ሐጂው ሁለቱንም ዕቃ በነጠላቸው ጠቀለሉ። አባባም ተነሥተው አጎቴን በእጃቸው ይዘው ከጎናቸው፣ በወትሮ ቦታቸው አስቀመጧቸው። አጎቴ ከተቀመጡ በኋላ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ሽማግሌዎቹም ተመለከቱ። የቀረ ተከሳሽ እኔ ብቻ መሆኔ ግልጽ ነበር።

ፍርዱ የተሰጠው በአዊኛ ነው፤ ይህኛው ሙሉ በሙሉ ገባኝ።

እነሆ አሁን ኅዳር በመጣ ቁጥር ቅዳሜዬን ሁሉ የማሳልፈው በአጎቴ ደጅ ነው። ወፍራሙን እገለብጣለሁ፤ ቀጭኑን እጨምራለሁ፤ አጎቴ እርሾውን በማንኪያ ጠብ ያደርጉልኛል። ከዚያ ዘንጉን ይሰጡኝና ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠናሁትን፣ ያወደስኩትን ልዩነት በገዛ ክንዴ እስከ መጨረሻው ጭረት አጠፋዋለሁ። ክንዴ ሲዝል ቆም ብዬ «በቃ፣ ጋሼ?» እላቸዋለሁ።

ጎንበስ ብለው ያያሉ። «እዚያች ጋ ድንበርህ ትታያለች» ይሉኛል። «አማስል።»